ብሎኮቼ ለምን እኩል አይሆኑም? ከድሬዳዋ የተነሣ ጥያቄና 34 መልሶቹ

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ ያነሣችው የድሬዳዋ፣ የከዚራ ሰፈር ልጅ ናት። ካናዳ ያለች እህቷ ልትወልድ ነው። ይቺም አክስት ልሆን ነው ብላ ለሕፃኑ ሳምፕለር ኩዊልት ጀመረች። ኩዊልት ላዩ ከጨርቅ ቁራጮች ተገጣጥሞ፣ መሀሉ ሙሌት፣ ከኋላው ገበር ተደርጎበት በሦስት ንብርብር የሚጠቀጠቅ የብርድ ልብስ ነው፤ ብሎክ የሚባለው የላዩ አንድ ካሬ ነው። ሳምፕለር ላይ እያንዳንዱ ብሎክ የየራሱ ንድፍ አለው። አንዱ በመሀል ካሬ ዙሪያ ቀጫጭን ቁራጮች የሚደረደሩበት ሎግ ካቢን ነው፣ አንዱ ፓይናፕል፣ አንዱ ደግሞ ሦስት ማዕዘኖች ተከታትለው የሚሄዱበት ፍላይንግ ጊዝ። ንድፎቹን በፒዲኤፍ የምትልክላት እህቷ ናት። ልጅቷ ፋይሉን በፍላሽ ይዛ ኮፒ ቤት ትሄዳለች፣ ታሳትማለች፣ ቤቷ ገብታ ወረቀቱ ላይ ትሰፋለች።

ያለቀ ብሎክ 6 ኢንች ተኩል መሆን ነበረበት። በሴንቲ ሜትር 16.5 ነው። ግማሾቹ ልክ መጡ። ግማሾቹ ግን 16 ላይ ቀሩ። ያያዘችው ፎቶ ላይ ሁለት ብሎኮች ተደራርበዋል፤ ከሥር ያለው በአራቱም ጎን ጠርዙ ብቅ ብሏል። መስመሩን አልሳትኩም፣ ቁጥሩንም አልዘለልኩም፣ ታዲያ ምን ነካኝ ብላ ነው የጠየቀችው።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር፤ አለበለዚያ ክርክሩ አይገባም። ንድፉ ወረቀት ላይ ይታተማል። መስመሮቹ መርፌው የሚሄድባቸው ናቸው። በየክፍሉ ያለው ቁጥር ደግሞ ተራውን ይናገራል። ጨርቁ የሚቀመጠው ባልታተመው ጀርባ በኩል ነው፤ የሚሰፋው ግን በታተመው በኩል ነው። ቁጥር 1 ጨርቅ መልኩ ወደ ውጭ ሆኖ ይቀመጣል። ቁጥር 2 መልክ ለመልክ ይደረብበታል። ወረቀቱ ይገለበጥና በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ይሰፋል። ከዚያ ወረቀቱ በዚያው መስመር ወደ ኋላ ይታጠፋል። ትርፉ ጨርቅ ሩብ ኢንች ብቻ እስኪቀር ይከረከማል። ጨርቁ ይገለጥና ይተኮሳል። ቀጥሎ 3፣ ቀጥሎ 4። ሁሉም ሲያልቅ ብሎኩ በወረቀቱ የውጭ መስመር ዙሪያውን ይቆረጣል። ወረቀቱ ኋላ ላይ ተቀድዶ ይወልቃል። እዚህ ላይ አስምሩ፦ የብሎኩን መጠን የሚወስነው ወረቀቱ ነው።

1ኛው መልስ ምርቃት ብቻ ነው። ማርያም በሽልም ታውጣት፣ አንቺንም ለዚህ ታብቃሽ የሚል። ጥያቄውን ያነበበው አይመስልም፤ ቢሆንም ጥሩ አጀማመር ነው።

2ኛዋ የአዲስ አበባ ሴት ናት። ጨርቁን ሳታጥብ ሰፍታ እንደሆን በትሕትና ጠየቀቻት። ጥጥ በመጀመሪያው ውኃ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ታጥቦ አንዳንዱ ሳይታጠብ ከተሰፋ ኋላ ጣጣ አለው። 3ኛው መልስ የባለ ጥያቄዋ ነው። ሁሉንም ከመቁረጧ በፊት አጥባለች፤ ያለቁት ብሎኮች ደግሞ ገና ውኃ አልነካቸውም። አመስግና አለፈች።

4ኛዋ ጣቷን ካውያው ላይ ቀሰረች። በእንፋሎት እየተኮስሽ ከሆነ ወረቀቱ ይጨማደዳል፣ ይሰበሰባልም አለች። ውሸት አልተናገረችም። ለዚህ ሥራ የሚመከረው ደረቅ ካውያ ነው፤ መተኮስም በጨርቁ በኩል ነው። በሌዘር የታተመ ቀለም በሙቀት ተላቆ ካውያው ላይ ወይም ነጩ ጨርቅ ላይ ሊታተም ይችላል። ግን ካውያ ቢበዛ አንድ ሚሊ ሜትር ቢያሳጥር ነው። እዚህ የጎደለው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

5ኛው የዓመታት ልብስ ሰፊ ነኝ የሚል ሰው ነው። ጥፋቱ ያንቺ ነው ብሎ ቁርጥ አድርጎ ተናገረ። የማሽኑን እግር ከጨርቁ ጠርዝ እኩል አላስኬድሽም፣ ሩብ ኢንቹ በየስፌቱ አንዳንድ ክር እየበዛ ሲሄድ ብሎኩን ይበላዋል አለ። ለተራው የኩዊልት ስፌት ይህ እውነት ነው፤ ጥሩ ምክርም ነው። በወረቀት ሲሰፋ ግን የጨርቁን ጠርዝ የሚያይ የለም። መርፌው የሚከተለው የታተመውን መስመር ነው። ከሥር ያለው ትርፍ ቢሰፋም ቢጠብም መጠኑን አይለውጠውም። 6ኛዋ ይህንኑ ነገረችው። ወንድሜ ብላ ጀመረች፣ እስኪ አንድ ጊዜ በወረቀት ሰፍተህ ተመለስ ብላ ጨረሰች። ሰውየው በዚህ ነገር ደግሞ አልተመለሰም።

ከ7 እስከ 9 ያሉት ከጥያቄው ወጣ ብለው ስለ ስፌት ርዝመት ያወራሉ። ለእኔ ግን ከሚጠቅሙት አንዱ ይኸው ነው። 7ኛዋ ስፌቱን 1.5 ላይ አድርጊው አለች። ስፌቱ ሲያጥር ቀዳዳው ይቀራረባል፣ ወረቀቱም እንደ ቴምብር ጠርዝ በቀላሉ ይቀደዳል። ረጅም ከሆነ ግን ወረቀቱን ስትጎትቺ ክሩ አብሮ ይላላል። 8ኛው መልስ የባለ ጥያቄዋ ነው፦ የኔ ማሽን 1.5 የሚባል ነገር የለውም። ከአያቷ የወረሰችው የእግር ሲንጀር ነው። ማስተካከያው አጠገብ ያለው ቁጥር ከ6 ይጀምርና እስከ 30 ይሄዳል። ዩቲዩብ ላይ ያየችውን ለማድረግ ስትል ትንሹ ይሻላል ብላ 6 ላይ አድርጋው ኖሯል።

9ኛው መልስ ይህን ፈታው። በብዙዎቹ የድሮ ሲንጀሮች ላይ ቁጥሩ ሚሊ ሜትር አይደለም፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ስፌት እንደሚገባ ነው። ስለዚህ 6 ትልቁ ስፌት ነው፣ 30 ትንሹ። የአዲሱ ማሽን 1.5 ሚሊ ሜትር በድሮው ወደ 17 ይሆናል። ከ15 እስከ 20 ባለው መካከል ብታደርጊው ይበቃሻል ተባለች። ከዚያ በላይ ካጠበበችው ወረቀቱ ገና ሳይሰፋ በመርፌው ይቆረጣል። የተሳሳተ ስፌት መፍታትም መከራ ነው። ይህ ሁሉ የመጠኑን ጉዳይ አልፈታም። ግን ልጅቷ ወረቀት ስታወልቅ ስፌቱ ለምን እንደሚፈታባት በዚሁ ገባት።

10ኛው የድሬ ቀልድ ነው። በዚህ ሙቀት ቬንትሌተር ሳይከፍቱ መስፋት አይቻልም፤ ከከፈቱ ደግሞ ቁጥር 4ን ከአልጋ ሥር፣ ቁጥር 7ን ከጎረቤት በር ላይ ነው የሚለቅሙት። አቦ፣ መጀመሪያ ለዚህ መፍትሔ አምጡ አለ።

ዋናው መልስ የመጣው ከ11ኛው ነው። የጻፈው መርፌ ይዞ የማያውቅ የሐረር ልጅ ነው። ከዚህ በፊት ኮፒ ቤት ሠርቷል። ስለ ጨርቅ አንድም ነገር አልተነፈሰም። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ፋይሉ ከየት ነው የመጣው? ሁሉንም ያሳተምሽው አንድ ቦታ ነው? ከዚያ መልሱን ሳይጠብቅ አብራራ። ካናዳና አሜሪካ የሚጠቀሙት ወረቀት ሌተር ይባላል፤ ስፋቱ 21.6 በ27.9 ሴንቲ ሜትር ነው። እኛ ዘንድ ያለው ኤ4 ነው፤ 21 በ29.7። ኤ4 ረዘም ይላል፣ ግን ቀጠን ይላል። ለሌተር የተዘጋጀ ገጽ ኤ4 ላይ ሲታተም ኮምፒዩተሩ ጎኑ እንዳይቆረጥ ብሎ ሁሉንም ያሳንሰዋል። ፊት ቱ ፔጅ (ከገጹ ጋር አስማማ) የሚለው ምርጫ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ተመርጦ ነው የሚጠብቀው። ያኔ 100% የነበረው 97% ገደማ ይሆናል። አክችዋል ሳይዝ (በትክክለኛ መጠኑ) የሚለውን የመረጠ ኮፒ ቤት ግን ልኩን ያወጣል።

ሒሳቡን ያዙት። 16.5 ሴንቲ ሜትር በ97% ሲሰላ 16 ይሆናል። ልጅቷ የለካችው እሱኑ ነው።

12ኛው የባለ ጥያቄዋ ነው። ግማሹን ያሳተመችው ከዚራ፣ ሰፈሯ ነው። ሌላውን መብራት በጠፋ ሰሞን የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ መጋላ ሰፈር ነው ያሳተመችው። ብሎኮቹን ለሁለት ብትከፍላቸው ልክ በኮፒ ቤቱ ተከፈሉ። ግን አንድ ነገር አልገባትም። በየገጹ ጥግ ላይ መፈተሻ የምትሆን የ1 ኢንች ሳጥን አለች፤ ለክታት ነበር፣ ልክ ነበረች።

13ኛዋ ይህንን መለሰች፣ መልሷም ወርቅ ነው። 1 ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። በ97% ሲታተም 24.6 ይሆናል። የጎደለው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ፣ ያውም ተስቦ ተስቦ የላላ የጨርቅ ሜትር ይዞ፣ ይህን የሚያይ ዓይን የለም። ስለዚህ ትንሿን ሳጥን ትተሽ የብሎኩን ሙሉ ጎን በብረት ወይም በፕላስቲክ ማስመሪያ ለኪ አለቻት። ልዩነቱ እዚያ ላይ ተጠራቅሞ ፊት ለፊት ይታያል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ብሎክ አልገጥም ሲል ሁሉም ወደ እጁ ያያል፣ ወደ ማሽኑ ያያል። አስቀድሞ ማስመሪያ የሚገባው ወረቀቱ ነው። ሳምፕለር ላይ ደግሞ ይብሳል፤ እያንዳንዱ ንድፍ በየጊዜው፣ በየቦታው ስለሚታተም። አንድ ዓይነት ብሎክ የሚደጋግም ሰው ሁሉም እኩል ቢያንስበት እንኳ እርስ በርስ ይገጥሙለታል፣ ጥፋቱንም ሳያውቀው ይጨርሳል።

14ኛው ኮፒ ቤቱ ላይ ወቀሳ አወረደበት። ሰው ገንዘብ ከፍሎ እንዴት የተጭበረበረ ወረቀት ይሰጠዋል አለ። የሐረሩ ልጅ ተመልሶ ለሙያ ባልደረቦቹ ተከራከረ። ኮፒ ቤት የሚመጣው ማመልከቻና የሥራ ማስረጃ ነው፤ 3 በመቶ ቢያንስ የሚያውቅ የለም። ካልተነገረው በምን ያውቃል? ልክ ነው። ይህ 15ኛው መሆኑ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረረ። 16ኛው ሰው ገብቶ ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ብሎ ተረተ። ደህና ጨርቅ ቆራርጦ መልሶ መስፋት ድሪቶ ነው፣ ድሪቶ ደግሞ ያጣ ሰው ልብስ ነው አለ። ለካናዳ ሕፃን ድሪቶ ይላካል ወይ ብሎም ሳቀ።

17ኛዋ መልሷን ሳታኝክ ወረወረችው። መነኩሴው የቀደደው የገዛ ቆቡን ነው፣ አንተ ግን የሰው ቆብ ነው የምትቀድደው አለችው። ብዙ ሰው ሳቀ። 18ኛዋ በዕድሜ የገፉ እናት መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። እሳቸው ግን አልሳቁም። እናታቸው ያለቀ ቀሚስና ያረጀ ነጠላ ደራርባ፣ በእጇ ጠቅጥቃ ድሪቶ ትሠራ ነበር። ልጆቿን ሁሉ ከብርድ ያወጣችው በዚያ ነው። አንተ ልጄ፣ ያጣ ሰው ልብስ ያልከው ያሳደገ ልብስ ነው አሉት።

ሰውየው 19 ላይ ትንሽ ረገብ ብሎ ተመለሰ። እማማን ይቅርታ ጠየቀ። አሮጌ ጨርቅ ቢሆን አልቃወምም፣ እኔ የምለው አዲስ ብትን ጨርቅ በሜትር ገዝቶ መቆራረጡን ነው አለ። እዚህ ላይ ሰውየው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በወረቀት መስፋት ጨርቅ ይበላል። ቁራጩ በወረቀቱ ላይ ሲገለጥ ክፍሉን አልፎ መሸፈን ስላለበት ሁልጊዜ ተለቅ ተደርጎ ነው የሚቆረጠው፤ ትርፉ ተከርክሞ ይጣላል። 20ኛዋ ግን ሌላ መንገድ አሳየች። እሷ የምትሰፋው በልብስ ሰፊዎች ብጥስጣሽ ነው። ከፊራ ገበያ የሚሰፉ ሰዎች ማታ ሲጠርጉ ለቅማ ትወስዳለች፤ ማንም አይከለክላትም። በወረቀት የመስፋት ጥቅሙም ይኸው ነው፤ ቁራጩ ጠማማ ቢሆን፣ ክሩ በየት በኩል ቢሄድ፣ ወረቀቱ እስካለ ድረስ ጨርቁ አይሳብም። የብሎኩ ጠርዝ ላይ የሚውለውን ብቻ ክሩ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ብታደርጊ ይበቃል አለች።

21ኛው መልስ ተሰርዟል። ምን እንደነበር አላየሁም፤ ቀጥሎ የመጡት ሁለት መልሶች ስለ ጨዋነት ስለሚያወሩ መገመት አያቅትም።

24ኛው የሐረር መኪና ግርግር ልብስ ሰፊ ናቸው። ቦታውን ለማያውቅ፣ ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙን ስፌት መኪና ተደርድሮበታል። ሽማግሌ ናቸው። ኩዊልት ሰፍተው አያውቁም፤ ልጃቸው አንብባላቸው ነው መልሱን የላኩት። ከሁሉ መልስ እኔ የመረጥኩት የሳቸውን ነው።

ያሉት ይህ ነው። አንድ ልክ የሆነ ንድፍ ይኑርሽ፣ ኮፒ ቤት ደግመሽ አትሂጂ። ንድፉን ከላይ አድርጊ፣ ከሥሩ ባዶ ወረቀት ደርቢ፣ ስድስት ሰባት ይሁን። እንዳይንሸራተት ጥግና ጥጉን በስፒል ያዢው። ከማሽኑ ላይ ክሩን አውልቂ፣ ቦቢኑንም አውጪ። አሮጌ መርፌ አስገቢ፤ ወረቀት መርፌ ያደንዛልና አዲሱን አታበላሺ። ከዚያ መስመሩን ሁሉ በባዶ መርፌ ስፊው። ስትለያያቸው እያንዳንዱ ወረቀት ንድፉን በቀዳዳ ይዞ ይወጣል። ቁጥሩን በእርሳስ ትጽፊበታለሽ፣ አለቀ።

አስቡት። መጠኑ አይለወጥም፤ ቀዳዳው ከላይኛው ንድፍ ወርዶ ነው የመጣው። ቀለም የለውም፣ ስለዚህ ካውያ ላይ የሚታተም ነገር የለም። ቀዳዳው በሁለቱም በኩል ስለሚታይ ጨርቁ የት እንደሚያርፍ ወደ ብርሃን ሳይነሣ ይታወቃል። መብራት ቢጠፋም የእግር ማሽን ይሠራል። ወረቀቱም አስቀድሞ ስለተበሳ ሲወልቅ እጅን አያስቸግርም። ኮፒ ቤት የሚመጣው 80 ግራም ወረቀት ወፍራም ነው፤ በዚህ መንገድ ግን ከደብተር የተገነጠለ ስስ ወረቀትም ይሆናል። እርግጥ 6 ኢንች ተኩል ብሎክ እንዲያርፍበት ሰፊው ደብተር መሆን አለበት።

25ኛዋ ሞክራ መጣች። ሠራ አለች። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ጨመረች፦ ብዙ ወረቀት ስትደራርቢ የታችኛዎቹ ላይ ቀዳዳው ይሳሳል፣ ስለዚህ ከስድስት አትብለጪ። ሽማግሌውን ጋሼ እያለች አመሰገነቻቸው።

26ኛው ደግሞ ወረቀቱን ጭራሽ ጣሉት አለ፤ በአቡጀዲ ስፉ። ንድፉን በእርሳስ አቡጀዲው ላይ አስምሮ እዚያው ላይ መስፋት፣ አቡጀዲውም ሳይወልቅ ውስጥ ይቀራል። ይህ የሱ ፈጠራ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሎግ ካቢን የሚሰፉ ሴቶች በጨርቅ መሠረት ላይ ይሰፉ ነበር። የሚቀደድ ወረቀት የለም፣ የስፌት ርዝመት ጭንቀት የለም። 27ኛዋ ግን አልተዋጠላትም። አንድ ድርብ ጨርቅ ይጨምራል፤ ኋላ ሦስቱን ንብርብር በእጅ መጠቅጠቅ ሲመጣ መርፌው አልገባም ይላል። ሕፃን ላይ ደግሞ ከባድ ይሆናል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ለሎግ ካቢን አቡጀዲው ይሄዳል፣ ሹል ጫፍ ለበዛበት ንድፍ ግን ወረቀቱ ይሻላል ባይ ነኝ። ወረቀት ሲታጠፍ መስመሩ ላይ ስለት ሆኖ ይታጠፋል። አቡጀዲ እንደዚያ አይታጠፍም።

28ኛው እንደገና የሙቀት ጉዳይ ነው፦ ድሬ ላይ ኩዊልት ማን ይለብሳል? 29ኛው የሐረር ሰው እኛ እንለብሳለን፣ ላኩልን አለ። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። አምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች መንገድ አንዱ ሲያልበው ሌላው ጋቢ ይፈልጋል። ድሬና ሐረር ከተገናኙ መተራረቡ አይቀርም፤ ጥቂት ተባባሉ። ባለ ጥያቄዋ ሕፃኑ ካናዳ መሆኑን አስታወሰቻቸው።

30ኛዋ የድርያ፣ የሶማሌ ሴቶች ስስ ቀሚስ፣ ቁርጥራጭ በቤቷ ሞልቶ ተርፏልና በሱ መስፋት ይቻል እንደሆን ጠየቀች። ባለ ጥያቄዋ ራሷ መለሰችላት፤ በዚህ ጊዜ እሷም አስተማሪ ሆናለች። ድርያ ስስ ነው፣ ይንሸራተታል፣ ወረቀቱ ግን ይዞ ያቆመዋል። ችግሩ ሌላ ነው፦ አብዛኛው ጥጥ አይደለም፣ ካውያ ሲበዛበት ይቀልጣል። ደግሞ ከሥሩ ያለው የጨርቅ ትርፍ አሳልፎ ይታያል። ከጥጥ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ትንሽ ነገር ቢሠራበት ይሻላል አለች። እዚያው ላይ አንድ ሰው የሐረር ሰፌድ ጌጦች ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ናቸው፣ በቀይና በጥቁር ሦስት ማዕዘን ንድፍ እሠራለሁ ብሎ ቃል ገባ። እስካሁን አላየንም። ሲሠራው አንድ ነገር ያስታውስ፦ በወረቀት የተሰፋ ነገር የታተመው ንድፍ ግልባጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። የመስተዋት መልክ ነው። ግራና ቀኙ እኩል ለሆነ ጌጥ ግድ የለም፤ ወደ አንድ ጎን ለሚዞር ጌጥ ግን ንድፉ አስቀድሞ መገልበጥ አለበት።

32ኛው መልስ ላይ ልጅቷ ወደ ጭንቀቷ ተመለሰች። ጥፋቱ ታወቀ፣ ግን የተሰፉትስ? ይፈቱ? ሕፃኑ አይጠብቅም።

13ኛዋ ሴት፣ የማስመሪያዋ ማለቴ ነው፣ በ33ኛው መልስ ተመለሰችና አንዱንም አትፍቺ አለቻት። እንዳሉ ቢገጣጠሙ ስድስት ትንንሾች የተሰለፉበት ረድፍ ስድስት ትልልቆች ካሉበት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ያጥራል፤ ያንን በመጎተት ማስተካከል አይቻልም። መላው ክፈፍ ነው። ለትልልቁም ለትንንሹም፣ ለሁሉም፣ በአራቱም ጎን 3.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ዓይነት ቀለም ጨርቅ ይሰፋባቸዋል። ከዚያ ሁሉም 19 ሴንቲ ሜትር ላይ በማስመሪያ ይቆረጣሉ። ክፈፉ በትንንሾቹ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ሰፋ ይላል፤ ያንን ለይቶ የሚያይ ሰው ካለ ከሱ ጋር አትወዳጂ አለቻት። ወረቀቱንም ክፈፉ ተሰፍቶ ሳያልቅ እንዳታወልቂ ስትል አስጠነቀቀች። ጠርዙ ላይ ሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ካለ ወረቀቱ ሲለቀው ይለጠጣል። ክፈፉም ቀጥ ብሎ የሚሰፋው በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ነው። ኩዊልቱ በዚህ ላይ ከታሰበው ሰፋ ይላል፤ ለሚያድግ ልጅ ደግሞ ይሁን።

ባለ ጥያቄዋ እዚያው ሥር እልል ብላ አመሰገነች፤ ግን አንድ ነገር ጨመረች። በዚህ ሁሉ መሀል መርፌዋ ተሰብሯል። ወረቀት ሲሰፋ ወፍራም መርፌ፣ 90 ቁጥር፣ ይሻላል ተብላለች፤ ቀዳዳው ስለሚሰፋ ወረቀቱ ቶሎ ይለቃል። ድሬ ላይ የጠየቀቻቸው ሱቆች የሰጧት መርፌ ማሽኑ ውስጥ አልገባ አለ። ለሥራ ወደ ሐረር ስለምትሄድ እዚያ የት ላግኝ አለች።

34ኛውና የመጨረሻው የመኪና ግርግሩ ሽማግሌ ናቸው። የሰጡሽ የፋብሪካ ማሽን መርፌ ነው፣ አንገቱ ድቡልቡል ነው፤ የቤት ማሽን መርፌ አንገቱ ባንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው አሉ። ሁለቱ አይለዋወጡም፤ አስገድደሽ ብታስገቢው መርፌው ከቦታው ይስትና ስፌት ይዘላል። መኪና ግርግር ስትደርሺ ማንንም ልብስ ሰፊ ጠይቂ፣ የት እንደሚሸጥ ያሳይሻል። ቁጥሩን በቃል አትንገሪ፣ የተሰበረውን ይዘሽ ነይ ልጄ።